ማርካ የሌለው ቤዝ ጊታር

ዛሬ ጠዋት እንጨት የምቀባበትን የጎማላካ ጣሳ ስከፍት ሽታው እንደ ልማዱ አፍንጫዬን አቃጠለኝና ያ ጥቁር ቤዝ ጊታር ትዝ አለኝ። አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀና ብል አየዋለሁ። ትዝ ያለኝ ግን ያኔ አንገቱ ጎብጦ፣ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ አንድ ክረምት ሙሉ እንዴት እንዳንገላታኝ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ ወልቂጤ ላይ በአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ተጠርቅሜ ነበር። ማንም አላሰረኝም። እናቴ አርፋለች፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ገብቷል፣ የአባቴ ዓይን ደግሞ ደክሞ በእርሳስ የተሰመረ መስመር ማየት አቅቶታል። እኔ መስመሩን በሚስማር ጫር አደርግለታለሁ፣ እሱ በጣቱ እየዳበሰ ይቆርጣል። አንድ ቀን ምንም ሳይል የሱቁን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔም ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ደግሞ ቁም ሳጥን ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰጋቱራ ውስጥ ቆሜ፣ "በቃ እዚሁ አርጅቼ እዚሁ ልሞት ነው" እል ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ በሃያ ዓመት ሰው ቶሎ ያረጃል።

መተንፈሻዬ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ቡድን ነበር፤ እዚያ ቤዝ እጫወታለሁ። ጊታሩን ያገኘሁት ሠርግ ላይ ልንዘምር ቡታጅራ የሄድን ቀን፣ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ፣ እግራቸው ከወለቀ ወንበሮችና ከተበታተኑ ሬዲዮኖች መሃል ነው። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ የሠሪው ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ድምፁ ግን ደረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ጣጣው ቅኝቱ ነበር፤ አንዱ መዝሙር ሳያልቅ ይወርዳል።

ቤት ይዤው ስገባ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን በሽርጡ ሲጠርግ ሊነካው መስሎኝ ነበር፤ ሳይነካው ዞረ።

"አንገቱ ጎብጧል" አለ። "መልሺው።"

የእርሳስ መስመር የማያይ ሰው ይህን ከዚያ ርቀት እንዴት አየው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ተናድጄ ስለነበር አልጠየቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ደወለ። አንድ የሙዚቃ ባንድ ቤዝ የሚጫወት ሰው ይፈልጋል፤ የራሱ ጊታር ያለው። "ማርካው ምንድን ነው?" አለኝ። አላውቅም፣ አንገቱም ጎብጧል አልኩት። "እሱን ሳታውቂ ይዘሽው እንዳትመጪ፣ ይስቁብኛል። የማን ሥራ እንደሆነ ከታወቀ ግን አንገቱን የሚቀይርልን ሰው አለ።" ከዚያች ቀን ጀምሮ ከወልቂጤ መውጣቴ እዚያ ጊታር ላይ ተንጠለጠለ። ሠሪውን ካገኘሁ እሄዳለሁ፣ ካጣሁት እቀራለሁ።

ኪቦርድ ተጫዋቻችን ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀቀልኝ። አንዱ የጃፓን ነው አለ፣ ሌላው የጀርመን። አንዱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ "የሩሲያ ነው፣ ክብደቱ ያስታውቃል" አለ። በፎቶ እንዴት እንደመዘነው እግዜር ይወቅ።

ጊታሩን አዝዬ ቡታጅራ ተመለስኩ። ዕቃ ሻጩ የገዛው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንደሆነ ነገረኝ። እዚያ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ተቀበሉኝና ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በስስት ደባበሱት።

"ይሄማ የኛው ነው" አሉ። "የምን ጃፓን ነው ልጄ፣ እኛ ጋ የነበረ አንድ የወልቂጤ ልጅ ነው የሠራው። ካሴት ሽፋን ላይ ፎቶውን አይቶ። ክሩንና ብረታ ብረቱን እኛ ከአዲስ አበባ አስመጣንለት። ራሱ ነበር የሚጫወተው። አዲስ አበባ ገብቼ ሙዚቃ እማራለሁ ይል ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ለመስቀል በዓል ወልቂጤ ቤቱ ገባ። አልተመለሰም።"

ስሙን ጠየቅኳቸው። ዕድሜ ወስዶባቸዋል።

መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከጊታሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክዳን በቢላ ጫፍ ፈታሁ። ውስጡ የዋንዛ እንጨት ነው። በስህተት የተበሳ አንድ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ የተደፈነውም በሰጋቱራ፣ በኮላና በቡና አተላ ነው። አተላው የሚገባው ቀለሙ ከዋንዛው ጋር እንዲመሳሰል ነው። ከአባቴ ሌላ እንዲህ የሚደፍን ሰው አላየሁም፤ ሌሎቹ ስቱኮ ገዝተው ይለጥፋሉ። ድፍኑ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ አሻራውን ለሁለት የከፈለ ጠባሳም አብሮ ታትሟል። አባቴን በልጅነቱ መጋዝ የቆረጠው ቦታ ነው። ከኛ ቤት በወጣ ቁም ሳጥን ሁሉ ጀርባ ላይ ያ ጣት አለ። ተሳፋሪው እያየኝ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ ጊታሩን አቀበልኩት። "አባባ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?"

ይህን ጊዜ አልሸሸም። ተቀብሎ አንገቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

"አንድ ሞኝ" አለ። "የአልጋ እንጨት ለአንገት አደረገው። ዋንዛ ሸክም ይችላል፤ ቀን ከሌት ሲጎትቱት ግን ይጎብጣል። ያን ጊዜ ከቁም ሳጥን ሌላ ምን ያውቃል።"

ጊታሩን በቀስታ አጋደመና ቀጠለ። "አያትሽ ሂድም አላለኝም፣ እዚሁ ቅርም አላለኝም። ቁልፉን ሰጠኝ።"

ከዚያ መዳፉን ዘረጋልኝ። "ቁልፉን ስጪኝ" አለ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

በማግስቱ ማለዳ ከቤታችን ጎን ያለውን ሱቅ ሊከፍት ብቻውን ወጣ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ቁልፉ የጓጉንቸሩን ቀዳዳ ሲፈልግ ሰማሁት፤ ጫር፣ ጫር፣ ደግሞ ጫር። ልከፍትለት እግሬን ከብርድ ልብሱ አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። ያን ቀን ብነሳለት ኖሮ መቼም አልሄድም ነበር። ጓጉንቸሩ ቀጭ እስኪል ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

አዲሱን አንገት ከወይራ ሠራልኝ። መስመር ልጭርልህ ስለው እምቢ አለ፤ እየለካ የሠራው በጣቶቹ ነው። አዲስ አበባ ገብቼ ከባንዱ ጋር ለዓመታት ስጫወት ማርካውን ለጠየቀኝ ሁሉ "ወልቂጤ" እል ነበር። ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አባቴ ሲያርፍ መጣሁ፤ ሱቁን ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነልኝም። ዛሬ የምከፍተው እኔ ነኝ። አሮጌውን ጓጉንቸር ቀይሪው ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ዝጎ ቀዳዳው እንኳ በቅጡ አይለይም፤ ዙሪያውን ተጫጭሮ አልቋል። እኔ አዲስ አበባ ስጫወት አባቴ በየማለዳው ቀዳዳውን እየፈለገ የጫረው ነው። አልቀይረውም።