ጸሎታችንን የሸፈነው ካሴት

ከአዲስ አበባ በጨለማ ተደብቄ የወጣሁ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። የወጣሁት ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ በጠዋት ባቡር ነው። እናቴ ከመካኒሳ እስከ ለገሀር ሸኘችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ላገኘችው ሁሉ «ድሬዳዋ፣ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ልትሄድ ነው» እያለች ጮክ ብላ ታወራለች፤ ድሬዳዋ አክስት የለኝም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ግን ወሬው ሁሉ ጠፋባትና «ሩትዬ፣ ሹራብሽን ልበሺ» ብቻ አለችኝ። ለድሬዳዋ ሙቀት ሹራብ! ለበስኩት። ሞጆ እስክንደርስ አላወለቅኩትም።

የሄድኩበትን ምክንያት ለመናገር ስለ አንድ ካሴት ማውራት አለብኝ።

አባቴ ከወላይታ የመጣ አናጢ ነው፤ ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብሎ ቤታችንን በገዛ እጁ ሠራው። ጴንጤዎች ነን። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሸገ፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም ቀበሌው ለስብሰባ ወሰዳቸው። ስለዚህ ጸሎቱ ወደየቤቱ ገባ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተራው የእኛ ጓዳ ነበር። ችግሩ ጴንጤ በሹክሹክታ መጸለይ አይሆንለትም። አባቴ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከቆርቆሮው በላይ ነው።

መላ ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤል ነው። ሳሚ ቴፕ ጠጋኝ ነበር። አገር ለቆ የሚሄድ አንድ የውጭ አገር መምህር የተበላሸ ቴፕ ሰጠው፣ ሆዱ ውስጥ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቷል። ስም የለው፣ ሽፋን የለው። ሳሚ ቴፑን ሠርቶ ሲከፍተው እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«አሁንም አልተሠራም እኮ!»

«ተሠርቷል እማዬ። ዘፈኑ ራሱ እንዲህ ነው።»

«ሰውየው ምን ሆኖ ነው?»

«ተናዶ።»

«በማን?»

«በሁሉም ሰው።»

እናቴ ትንሽ አዳመጠችና «ምስኪን» ብላ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሳሎን ውስጥ ያ ካሴት እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይጮኻል፣ ጓዳ ውስጥ ይጸለያል። ጊታሩ እንደ መጋዝ፣ ከበሮው የሚያባርሩት ይመስል። ዘፈኖቹ አጫጭር ስለሆኑ አደጋው በዘፈንና በዘፈን መሀል ያለችው ዝምታ ነበረች። ቴፑ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ግድግዳውን በክርኔ መታ አደርጋለሁ፣ ጓዳ ያሉት ድምፃቸውን ይውጣሉ፤ ቀጣዩ ሲጀምር «ሃሌ ሉያ» ይነሳል። የትኛው ዘፈን ቀስ እያለ እንደሚሞት፣ የትኛው ባልታሰበ ቦታ ቀጥ እንደሚል እንደ ልቤ ምት አወቅኩት።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ በር ላይ ቆመ።

«ጓድ ሳሙኤል፣ ይህ ጩኸት ምንድን ነው?»

«የእንግሊዝ ላብ አደር ልጆች ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሥራ አጥተው ነው።»

«ማንን ነው የሚሳደቡት?»

«ከበርቴውን።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። «ተራማጅ ነው ማለት ነው። ግን ዜማ የለውም።»

«ዜማውን ከበርቴው ወስዶባቸው ነው» አለ ሳሚ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን ነከስኩ።

እኔም ውሎ አድሮ ወደድኩት። በመዘምራኑ ውስጥ ጊታር እመታ ነበርና አንድ ቀን አብሬው ብሞክር፣ ሦስት ኮርድ ብቻ ነው፤ እኛ የምንዘምርባቸው እነዚያው ሦስቱ! ሰዎቹ መጫወት እምብዛም አይችሉም፣ ግን አያፍሩም። ያኔ በዚያ ሰፈር ሳያፍርና ሳይፈራ የሚናገር ድምፅ የሰማሁት ከዚያ ካሴትና ከአባቴ ጸሎት ብቻ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የቴፕ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር በመብራት ነበር የምናጫውተው። ዘፈኑ መሀል ላይ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ቆመ። ግድግዳውን ደበደብኩ። አባቴ ግን በጸሎቱ ርቆ ሄዷል፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን አገር አስባት!» የሚለው ድምፁ በመስኮት ወጣ። አብዮት ጠባቂዎቹ መንገድ ላይ ነበሩ። አባቴን፣ ሳሚንና ጓዳ የነበሩትን ሁሉ ነድተው ወሰዷቸው፤ እናቴ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ተረፈች። እኔን ከቴፑ ጋር ሳሎን ስላገኙኝ «ይቺ ዘፈን ወዳድ ናት፣ ጸሎተኛ አይደለችም» ብለው ተዉኝ። ቀበሌ ግን በየጊዜው እየጠራ ስለ ሌሎቹ ምእመናን ይጠይቀኝ ጀመር፤ ጥያቄውም እየከረረ ሄደ። እናቴ «አንቺንም ሳይጨምሩ ሂጂልኝ» አለች።

ከድሬዳዋ ወዲያ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ሴቶች ጋር በእግር ጅቡቲ ገባሁ። ጅቡቲ ውስጥ ጥላ እንኳን ይሞቃል። አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ጋ ልብስ አጣቢ ሆንኩ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውኝ ሚላኖ ሄዱ። ሚላኖ ክረምቱ ጉም ነው፤ ላፍቶ ማሳ ላይ በማለዳ እንደምናየው ጉም ፀሐይ ስትወጣ የሚሸሽ እንዳይመስላችሁ፣ ውሎ ያድራል። ፖሌንታ የሚሉት ምግብ አላቸው። ገንፎ ነው፣ ግን መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የለበትም፤ ጉድጓዱን በማንኪያዬ ብቆፍርለት የቤቱ እመቤት፣ ሲኞራዋ፣ «ምን እየፈለግሽ ነው?» አለችኝ።

ለመኖሪያ ፈቃድ ኩዌስቱራ፣ ማለትም ፖሊስ ጋ ቀረብኩ። መኮንኑ ጢሙን እያሻሸ ጠየቀኝ።

«ካቶሊክ?»

«አይደለሁም።»

«እስላም?»

«ክርስቲያን ነኝ።»

«ካቶሊክ ሳትሆኚ እንዴት?» ብሎ ጓደኛውን አየ። «እሺ፣ ከአገርሽ ለምን ወጣሽ?»

ጣሊያንኛዬ ያኔ ኩርማን ነው። በአፌ የመጣልኝ «መብራት ጠፋ» የሚለው ሆነ።

«ሲኞሪና፣ እዚህም እኮ ይጠፋል፤ እኛ ወደ ኢትዮጵያ አንሄድም!» ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በመጨረሻ ሲኞራዋ ራሷ መጥታ አስረዳችልኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ ቤት ስሠራ፣ የቤቱ ልጅ ኪያራ ሸክላ አስቀመጠች። እኔ እተኩሳለሁ። የመጀመሪያው ጊታር ሲነሳ ካውያው በእጄ እንደተያዘ ቀረ። ያው ነው! ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ክርኔ ሳላዝዘው ግድግዳውን መታ። በየመሀሉ መታ፣ መታ። ኪያራ ዘወር አለች።

«ሩት! ይህን ታውቂዋለሽ?»

«አባቴ የሚጸልይበት ነው» አልኳት።

ሽፋኑን አሳየችኝ። ግዙፍ ሰዎች መስለውኝ ነበር፤ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ከሲታ ልጆች ናቸው፣ አንዱማ ቁርስ ያልበላ ይመስላል። ስማቸውን ያኔ አነበብኩ፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ «ያ ካሴት» ናቸው። ኪያራ ሸክላው ሲወጣ እሷ ገና ሕፃን እንደነበረች፣ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ የሌለው ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ለምን አያረጅም? እሷ «እናቴ ስለምትጠላው» ትላለች። እኔ ሳስበው፣ ሲወለድም ስላልተቀባባ ነው፤ የሚለቅ ቀለም የለውም። ድምፁን ማንሳት ለከለከሉት ሰው ሁሉ ይስማማል። ሻይ አፍልተን እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ ልብሱም ሳይተኮስ ቀረ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ተፈትቷል የሚል ወሬ ሰው አደረሰልኝ። ቤታችን ስልክ የለም፤ መካኒሳ ሱቅ ያላቸው እትዬ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። እሳቸው አስጠሩልኝ።

«አባዬ!»

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ያ ካሴት እኮ አባዬ፣ እዚህም ሁሉም ሰው ይሰማዋል።»

«ያንን ጩኸት?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አልተለወጠም።

«ሳሚስ?»

ስልኩን ሌላ ሰው እንደሚሰማው ሁለታችንም እናውቃለን። «ሳሚማ ለአገሩ ዘምቷል። ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ሰሜን። ከክረምት ወዲህ ግን ድምፁን አልሰማንም።» ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ ትንፋሹ ብቻ ሆነ።

ቆየት ብሎ እትዬ ዘነቡ ስልኩን ያዙት። «ሩትዬ፣ አባትሽ ቆመዋል እንጂ አይናገሩም። ልዝጋው?»

«አይዝጉት እትዬ» አልኳቸው። «ስልኩን ለአባዬ ይመልሱለት፤ ባይናገርም ይያዘው።»