የቀጥቃጭ ጉርሻ

ፒያሳ ላይ ማኪና የሚጠግነውን ሐብተ ማርያምን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ነው። የመሪጌታ ልጅ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ለዚህ ሥራ ለመብቃት እንዴት ያለ ፍርሃት እንደፈራ ደግሞ ጭራሹን አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሐብተ ማርያም ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ነበር። ድቁናውን እንደያዘ አስኳላ ገብቶ ስምንተኛን ሲጨርስ ዲሬክተሩ ጠሩትና፣ «ውጤትህ ሸጋ ነው። አካዳሚኩን ትቀጥላለህ፣ መምህራን ማሰልጠኛ ትገባለህ፣ ወይስ አዲስ አበባ ወርደህ ተግባረ ዕድ ትማራለህ? ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ» አሉት።

ልቡ ቁርጡን ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፒያሳ ቆሞ ሞተር ሲፈታና ሲገጠም ካላየ ቀኑ አይመሽለትም። ግን ተግባረ ዕድ ማለት ብረት ነው፤ ብረት ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ቡዳ ነው። ብረት ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ፣ ሲያልፍ ምግብ ይከደናል፤ ጋብቻም ይከለከላል። ልብ በሉ፣ ማረሻቸውን ለማሠራት ደጁ የሚሰለፉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሰው ጉድ ነው።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጃቸው አካዳሚኩን ገፍቶ ዳኛ እንዲሆን ቆርጠዋል። ይህስ ይሁን። ሐብተ ማርያምን እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነው። ታናሽ እህቱ ትርንጎ ለአንድ የአምባ ጊዮርጊስ ባለ ርስት ልጅ ታጭታለች፤ የልጁ ወገኖች ደግሞ አጥንት ይቆጥራሉ። ወንድሟ ቀጥቃጭ ሊሆን ነው ከተባለ ሠርጉ ቀረ፤ ትርንጎም የቡዳ እህት ተብላ ቆማ መቅረቷ ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር እህል አልወርድ ይለዋል።

እሑድ የሙሽራው ሰዎች ቀን ሊቆርጡ መጡ፤ የሙሽራው እናት እመት ይመኙሽና ወንድማቸው አያ ሰጠኝ። ሐብተ ማርያም ያን ጧት ቀድሶ ቆርቦ ነበር። የቆረበ ሰው ቀኑን ሙሉ አፉን ይጠብቃል፤ አይተፋም፣ አይዋሽም። ማዕዱ ቀርቦ መብላት እንደተጀመረ አያ ሰጠኝ በደኅና ልብ፣ «አንተስ ወንድምዬ፣ አስኳላውን ጨረስክ አሉ። ምን ልትሆን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ዳኛ ልሆን ነው ቢል ማን ያውቅበታል? ትርንጎ ከጓዳው በር ላይ ቆማ እያየችው ነው። አሳዘነችው። ግን ቆርቧል፤ እንዴት አድርጎ ይዋሽ?

«ተግባረ ዕድ ልገባ ነው» አለ። «ብረት ሥራ።»

እመት ይመኙሽ ነጠላቸውን ዘርግተው ፊታቸው ያለውን እንጀራ ከደኑት። አያ ሰጠኝም እጃቸውን ሰበሰቡ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ትርንጎ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ሐብተ ማርያም ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ያኔ እናቱ ወለተ ሚካኤል ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጠገቡ መጣች።

«አጉርሰኝ» አለችው።

«እማዬ፣ ተይ…»

«አጉርሰኝ አልኩህ፤ በገዛ እጅህ።»

ጠቅልሎ ዘረጋላት። ወጡ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ እያየ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያም፣ «ድገመኝ እንጂ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች። ደገማት።

አያ ሰጠኝ ሳቅ አመለጣቸው። «ይመኙሽ፣ ይህን እንጀራ ያበቀለልን ማረሻ በማን እጅ የተሠራ መስሎሽ ነው? በይ ነጠላሽን አንሺ።» ሴትዮዋ ቶሎ አላነሡም። እያመነቱ፣ ሐብተ ማርያምን ቀና ብለው ሳያዩ፣ በመጨረሻ አነሡት። የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። ሰኞ ሐብተ ማርያም ለዲሬክተሩ መልሱን ነገራቸው።

እስከ ዛሬ ያን ቀን የሚያነሣ ዘመድ ሁሉ፣ ወለተ ሚካኤል ደፋር ናት፣ የቡዳ ወሬ አታምንም ይላል። ሐብተ ማርያም ሰምቶ ዝም ነው። እሱ አጠገቧ ነበራ። ስትጎርስ ግራ እጇ ከነጠላዋ ሥር የአንገቷን ክታብ ጨምድዶ ሲይዝ አይቷል። እናቱ ታምን ነበር። እያመነች ነው የበላችለት።