የቅርጫው በሬ የሞተ ቀን

ቢተው ጉርድ ሾላ የበርና የመስኮት ብረት የሚበይድ ሰው ነው። አያት ኮንዶሚኒየም ከገባ ጀምሮ ግን የብሎኩን የበዓል ቅርጫ የሚመድበውም እሱ ነበር። ዓይኑ ሚዛን ነው ይሉታል፤ ጨጓራውና ምላሱ ሳይቀር ለሁሉም እኩል ይደርሳል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል፣ ጭቅጭቅ የለም። ለዚህ ሥራ ያጩት የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ዓለም ናቸው። ጋሽ ዓለም የቢተው ልጅ የኢዩ የክርስትና አባት ናቸው፤ የፋሲካን ጾም በየዓመቱ አብረው የሚገድፉ አበልጆች።

ዘንድሮ በሬው ሐሙስ መጣ። ጥበቃው ሀይደር ቀንዱን አስሮ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ችካል ላይ አቆመው። ሀይደር ሙስሊም ነው፤ ቢሆንም ለበሬው ሣር የሚያቀርብለትም ውሃ የሚያጠጣውም እሱ ነበር። ከሚስቱ ከሀቢባ ጋር በሩ ሥር ባለችው የጥበቃ ክፍል ይኖራሉ፤ ሀቢባ ወሯ ገብቷል።

ዓርብ ማታ ላይ ቢተው ከስግደት ተመልሶ ጉልበቱን እያሸ በረንዳው ላይ ሳለ ጋሽ ዓለምን ታች አያቸው። በሬው መኪናቸውን ይታከካል። ሀይደርን ውሃ እንዲያመጣ ላኩትና ገመዱን ራሳቸው ፈቱ፤ በሬውን እየጎተቱ ወስደው፣ አንገቱ ላይ ሸምቀቆ አግብተው ከጋራ ቤቱ ደረጃ ብረት ጋር አሰሩት። ሀይደር ሲመለስ «እንዳትነካው!» አሉት።

ጠዋት በሬው ከደረጃው ተንሸራቶ፣ በሸምቀቆው ታንቆ ተገኘ። ሳይታረድ የሞተ ደግሞ አይበላም።

ግቢው በሰው ሞላ። ቅዳም ስዑር ነውና ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ቄጤማውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ናቸው።

«ድሮስ በዓላችንን መች ይወድልናል!» አለች ሀይደርን እያየች ሰብሊ፣ የምድር ቤቷ ጎረቤት።

«እኔ አይደለሁም። እዚህ ያሰሩት ጋሽ ዓለም ናቸው» አለ ሀይደር።

«ጭራሽ በትልቅ ሰው ላይ? አሁኑኑ ይውጣልን!»

ቢተው ጋሽ ዓለምን አያቸው። ይናገራሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው የመኪናቸውን ቁልፍ እያሽከረከሩ መሬት መሬቱን ያያሉ። የቢተው ሚስት ተናኜ ክንዱን ቆነጠጠችው። «ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ። አበልጅህ ናቸው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይናገሩ እንጂ» አለ ቢተው።

«እኔ ምን አውቄ?»

«እንግዲያው እኔ ልናገር። ትናንት ከችካሉ ፈትተው እዚህ ያሰሩት እርስዎ ነዎት። በረንዳዬ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ክፉ አስበው አይደለም፣ መኪናዎን እንዳይነካብዎ ነው። ሀይደር ግን ምንም የለበትም።»

ጋሽ ዓለም ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «አክፍሎቱ አዙሮህ ነው፣ ቢተው። ባዶ ሆድ ስንት ነገር ያሳያል።»

ሰው ሳቀ። «ጥበቃው ጠበቃ አገኘ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ኮሚቴው እዚያው እንደቆመ ወሰነ፤ ሀይደር ዛሬውኑ ክፍሏን ይልቀቅ። ቢተው «ኧረ ስለ እግዚአብሔር፣ ቢያንስ እስክትወልድ!» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ቢዞር፣ ሁሉም ፊቱን እያዞረ ወደ ቤቱ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ቢተውና ሀይደር ፍራሹን ባጃጅ ላይ ሲያስሩ፣ «ምነው ዝም ባሉ ኖሮ፣ ጋሼ» አለው ሀይደር። «እኔ እንደሆነ መሄዴ አልቀረም። እርስዎ ግን ከነሱ ጋር ይኖራሉ።»

«ታዲያ ዛሬ ማታ ምን ብዬ ቤተ ክርስቲያን ልቁም?»

ሀይደር ገመዱን አጠበቀ። ተናኜ ለነገ ከጋገረችው ድፎ ግማሹን ቆርጣ ወረደችና ለሀቢባ ሰጠቻት፤ ዓይኗን ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ቢተው እንደ ወትሮው ወደ ጋሽ ዓለም ቤት ወጣ። ተናኜ «ተው ይቅርብህ» ብትለውም አልሰማም። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አንኳኳ። ሳቁ ቆመ።

«ማነው?»

«ቢተው ነኝ፣ ጋሼ። እንኳን አደረስዎ።»

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ አለ እንጂ በሩ አልተከፈተም። ትንሽ ቆሞ ወረደ። ታች የጥበቃዋ ክፍል ወና ናት፤ የግቢው በር እንደተከፈተ አድሯል። የሚዘጋው ሰው አልነበረምና ቢተው ሄዶ ዘጋው።