ከሮም ፓሪስ በቃጫ

አስቴር የበደለችኝ ቢጠና በምትባለው የትውልድ መንደራችን ሰባተኛ ክፍል ሳለን ነው። ይቅር አላልኳት፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝ። ባለፈው ሳምንት ልጇን ልትጠይቅ ከሄደችበት ከፓሪስ ደወለችልኝና፣ ሮም ላይ አውሮፕላን ቀይራ በሁለት ሰዓት ያህል እንደደረሰች ስትነግረኝ፣ እዚህ ሶዶ በረንዳዬ ላይ እንደተቀመጥኩ የእርጥብ ቃጫ ሽታ መጣብኝ።

እናቴ እንሰት ስትፍቅ የሚወጣውን ቃጫ አጥር ላይ ታሰጣው ነበር፤ ደርቆ ነጭ ሆኖም እንኳ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታው ከጣት አይለቅም። ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ ያረጀ ካርታ ብቻ ስለሆነ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ዳና ቀጭን ቃጫ ከከተማ ከተማ አስዘርግተው፣ ከታች ካለው ስኬል ጋር አስተያይተው ርቀት ያስለኩን ነበር። ጥሩውን ቃጫ የማመጣው እኔ በመሆኔ ክፍሉ በሙሉ ይለማመጠኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልክድም።

ያን ዓመት ሶዶ ለሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ከእኛ አንድ ተማሪ ሊመረጥ ሆነ። ሶዶን አይቼ አላውቅም፤ ነጋዴዎች ስለ መብራቷ ሲያወሩ እየሰማሁ ግን ገና ሳልመረጥ የምለብሰውን ቀሚስ አጥቤ አስቀምጬ ነበር። መምህር ዳና ሊመርጡን የአውሮፕላን ፍጥነት ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ ከሮም ፓሪስ ምን ያህል እንደሚርቅና በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ጠየቁን። ቃጫዬን ቀጥ አድርጌ ልዘረጋ ስል፣ አብራኝ የምትቀመጠው አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አንቺ፣ መሃሉ ላይ እኮ ተራራ አለ። መኪና ዳሞታን በላዩ ሲያልፍ አይተሻል? ዞሮ ነው።»

አመንኳት። ቃጫዬን በተራራው ግርጌ፣ በባሕሩ ዳር ዳር እያጠማዘዝኩ አዞርኩት። አስቴር የራሷን ቀጥ አድርጋ ዘረጋች፤ እሱንም የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። መምህር ዳና መልሴን ሲያዩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ አውሮፕላኔ ዲምቱ ገበያ ቆማ ሰው ጭና እንደሆነም ጠየቁኝ። አሁን ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። ያን ቀን ግን አስቴር እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ ሶዶ ሄደች፣ እኔ ከነታጠበ ቀሚሴ ቀረሁ።

ዛሬ እናቴም መምህር ዳናም የሉም። የልጅ ልጄ የፈለገችውን ርቀት ስልኳን ትጠይቃለች፤ ጠይቃ ሳትጨርስ ይነግራታል፣ ጣቷ ላይ የሚቀር ሽታ የለም። እኔም ሶዶ ስኖር ይኸው አረጀሁ፤ ባጃጅ ደጄ ድረስ ይመጣል፣ ጠዋት ቢጠና ሄጄ ለምሳ እመለሳለሁ። እንደዚያን ጊዜዋ ሶዶ የራቀና ያማረ ከተማ ግን ዳግመኛ አላገኘሁም።

ያኔ በተሳቀብኝ ማግስት ከአስቴር ዴስክ ተነሥቼ ሌላ ቦታ ተቀመጥኩ። በዓመቱ ለውድድሩ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ስመለስ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።