ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

የሰው ኮምፒውተር ስጠግን የጋለ አቧራ ከሸተተኝ፣ ዛሬም እጄ ቀድሞ ወደ ማራገቢያው ይሄዳል።

ልጅ ሆኜ ደብረ ታቦር፣ አባቴ ከአሮጌ ሰርቨር ዕቃ ኮምፒውተር ገጣጥመው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ያለው እሱ ላይ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ እንደበራ ትተውት ቅዳሴ ሄዱ። የክረምቱ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ጋቢ አለበስኩት። ጥቂት ቆይቶ የጋለ አቧራ ሸተተኝ፤ ኮምፒውተሩም ድርግም አለ። ጋቢውን ቶሎ አጣጥፌ ቦታው መለስኩ።

አባቴ ሲመለሱ የሜሞሪውን ካርድ ነቅለው ቆሽሾ እንደሆነ ብለው ጫፉን በላጲስ ጠረጉና መልሰው ሰኩት። ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። እኔ ጥግ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ከማራገቢያው ውስጥ የጋቢ ክር መዘዙ።

«ይኸስ ብርድ ነው የሚወደው» አሉ፤ ለራሳቸው ይሁን ለእኔ አልገባኝም። ክሩን ኪሳቸው ከተቱት።

ጽሑፉ ተርፎ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።