የዋንዛው ዕጣ

የአካባቢ ሥነ ምግባር አስተምራለሁ፤ ሰው ለዛፉ፣ ለዓሣው፣ ለሐይቁ ምን ግዴታ አለበት የሚለውን የፍልስፍና ትምህርት። ተማሪዎቼን ጣና ዳር እወስድና እምቦጩን እያሳየሁ፣ «ይህ አረም የመኖር መብት አለው?» ብዬ አከራክራቸዋለሁ። ባልደረቦቼ «የዛፍ ጠበቃ» ይሉኛል። እውነት ለመናገር ደስ ይለኛል።

የመምህራን ቤት ማኅበራችን ዘንዘልማ ላይ ቦታ ሲያገኝ ዕጣ ወጣ። ከቦታዎቹ በአንዱ መሀል ቀድሞ መሬቱን ያርስ የነበረው ገበሬ ለጥላ የተወው ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ያ ቦታ ለእኔ ወጣ። ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ፋሲሎ ሰፈር በኪራይ ቤት ስንኖር የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎርጎራ ብቻቸውን ለሚኖሩት እናቷ የሚሆን ክፍል። ዋንዛው ከቆመ ደግሞ ለእሳቸው የሚተርፍ ክፍል የለም።

«ይቆረጥ» አለች።

እኔም ክፍል ውስጥ እንደለመድሁት መከራከር ጀመርሁ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለሰው ባይጠቅም እንኳ የራሱ ክብር አለው አልኋት።

«እናቴስ ነፍስ የላትም?»

ለዚህም መልስ ነበረኝ። አንደኛ ብዬ ጀመርሁ፤ ሁለተኛ ላይ ስደርስ ጥላኝ ወጣች። ክረምቱን ሙሉ ተኮራርፈን ከረምን።

በመጨረሻ ለመጻሕፍቴ ያሰብሁትን ክፍል ለአማቴ ለቀቅሁ፤ ዋንዛውም ቆመ። መምህር ከሆንሁ ጀምሮ የተመኘሁት ክፍል ነበርና ከፍቶኛል። መጻሕፍቴ ዛሬም በካርቶን እንደታሸጉ አልጋ ሥር ናቸው።

ቤቱ አልቆ አማቴ መጡ። ገና ብዙም ሳይቆዩ አጥበው ባሰጡት ነጠላ ላይ ወፍ ኩሱን ጣለበት። በረንዳው ላይ ሆነው ሽቅብ አዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ዛፍ ምን ብለህ ነው ያልቆረጥኸው?» አሉኝ።

ማስረጃዬን ልደረድር አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ፊት ግን አንዱም አልመጣልኝ አለ።

«አሳዘነኝ፣ እማማ» አልሁ። «ገና ሳየው ወደድሁት። ማስቆረጡ አላስችል አለኝ።»

«እሱማ ደግ ነው» አሉና ነጠላቸውን መልሰው ሊያጥቡ ተነሡ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «ማን ይጣላህ ነበር?»