ሳልተረጉም ያስቀረሁት ቃል

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልጄ ስላደግሁ ከአማርኛ ይልቅ ዓረብኛ ይቀናኛል። ከአርማጭሆ የመጡት ጎረቤታችን፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ስኳር በሽታ ነበረባቸው።

አንድ ቀን ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ለውጦ ፈጣን የሚባለውን ኢንሱሊን አዘዘላቸውና በዓረብኛ ብዙ አስረዳ።

«አንዴ ከተወጉት ሰውነት ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ቶሎ ለክተው ስኳሩ ባይወርድ እንዳይደግሙ፤ የመጀመሪያው ገና ሥራውን አልጨረሰም።»

ጓደኛዬ ልታገባ ነበርና ለሒና ድግሷ ቸኩያለሁ።

«ምግብ ሲቀርብ ይወጉት ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ይኸን ሁሉ ተናግሮ ይችን ብቻ?»

«ዓረብኛ ሲናገሩት ይረዝማል።»

አመኑኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጃቸው እየጮኸች መጣች። ስደርስ ግቢያቸው ካለው የሣር ዳስ፣ ከረኩባው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቀሚሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገሩት አይያያዝም። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል፣

«ስኳሬን ለካሁት፣ አልወረደም፤ መርፌውን ደገምኩት። አሁንም አልወረደም፤ ሠለስኩት» አሉኝ።

በባለ ሦስት እግር ረክሻ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ መድገማቸውን ሲሰማ ተቆጣ።

«አይድገሙ ብዬ አልነበር? ጠይቂያቸው እስቲ!»

ወደሳቸው ዞሬ በአማርኛ «አሁን እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

ለሐኪሙ ግን በዓረብኛ «ረስቼው ነው ይላሉ» አልኩት።

ጣቱን እየቀሰረ ገሠጻቸው። ቃሉ ባይገባቸውም ቁጣው ገብቷቸዋል፤ እንዳጠፋ ሰው አንገታቸውን ደፉ። ሐኪሙ ትእዛዙን ሲደግመው አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። «አራት ሰዓት» ስል ቀና ብለው አዩኝ።

ሳምንት ያህል በደጃቸው ላለማለፍ ዞሬ ስሄድ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ገባሁና፣

«እትዬ፣ ያኔም ነግሮኝ ነበር። ቸኩዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ። ሐኪሙንስ ምን ብለሽው ነው እንደዚያ የጮኸብኝ?»

«እርስዎ እንደረሱት ነገርኩት።»

«መቸኮልስ ያለ ነው» አሉ። «እሱን ግን ባታደርጊው።»

ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

ከዚያ ወዲህ መርፌውን በሰዓቱ እየተወጉ ደህና ሆኑ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ግን ከሌላ ጎረቤት ጋር ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደ ወትሮው ስመው ጤናዬን ይጠይቁኛል፤ እኔ ነኝ ዓይናቸውን ማየት ያቃተኝ።